አንገት ሲይዝ አኩፓንክቸር ያዋጣል? ከከዚራ የተነሣ ጥያቄና 26 ምላሾች

ጥያቄውን ያነሣችው ድሬዳዋ፣ ከዚራ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። ማጅራቱ የደረቀበትና አንገቱን ማዞር ያቃተው ሰው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት እሷ ጠረጴዛ ፊት ይቆማል። የሚጠይቀውም የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ ነው፣ ከተገኘም በመርፌ። አሁን አሁን ግን አኩፓንክቸር፣ ማለትም የቻይናውን የመርፌ ሕክምና፣ ብሞክርስ የሚሉ ሰዎች በዝተውባታል። እውነት ይሠራል ወይ? ለየትኛው ዓይነት የአንገት ሕመም ነው? ስንት ጊዜ ተሞክሮ ለውጥ ካልመጣ ይቁም? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ጽፋ ባለሙያዎች እንዲመልሱላት ጠየቀች። የተጻፈላትን በቁጥሩ ቅደም ተከተል ይዘቱን አስቀምጣለሁ። ከሌሎቹ ይልቅ የምቆይባቸው አሉ፣ ሰው ሊጎዳ የሚችለው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ምላሽ 1 በትሕትና የጀመረው መርፌ የሚለውን ቃል በማጥራት ነበር። እኛ ዘንድ መርፌ ሲባል የሚታሰበው መድኃኒት የሚገባበት ክፍት ቱቦ ነው። የአኩፓንክቸሩ ግን ውስጡ ድፍን፣ ጫፉ ሾጣጣ ሽቦ ነው፤ ምንም ፈሳሽ አያስገባም። ለአንገት በብዛት የሚያገለግለው ውፍረቱ 0.25 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ ከ25 እስከ 40 ሚሊሜትር ነው። ለጡንቻ መውጊያ የለመድነው 21 ቁጥር መርፌ ግን ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር ነው፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ፣ ይላል ጸሐፊው፣ አኩፓንክቸር አደርግልሃለሁ ብሎ በሲሪንጅ የሆነ ነገር የሚሰጥ ሰው ካለ የሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሰጠ ስሙን አስጽፎ መቀበል ያስፈልጋል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ፣ እብጠትንና ሕመምን የሚያስታግሰው ጠንካራ መድኃኒት፣ ተቀላቅሎበት በማግሥቱ ሕመሙ ቢጠፋ የሚመሰገነው መርፌው ሳይሆን ስቴሮይዱ ነው። ይህ ምላሽ ከሁሉ በፊት መምጣቱ ጠቅሞናል። እሱ ባይኖር ግማሹ ክርክር ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆን ነበር።

ምላሽ 2 የአሠራሩን ዝርዝር ያዘ። ከራስ ቅል ሥር፣ ከማጅራት በስተግራና በስተቀኝ ባሉት ጎድጓዳ ቦታዎች ላይ ያለው ነጥብ ፌንግ ቺ ይባላል፤ በትከሻ አናት ላይ፣ በአንገት ሥርና በትከሻ ጫፍ መካከል ያለው ጂያን ጂንግ ነው። እጅ ላይም ሄ ጉ እና ሆው ሲ የሚባሉ ከአንገት የራቁ ነጥቦች ይጨመራሉ። ርቀቱ የሚለካው በታካሚው በራሱ አውራ ጣት ስፋት ነው፤ ያም አንድ ትሱን ይባላል። መርፌው ገብቶ ትንሽ ሲዞር ታካሚው ክብደት ወይም ድንዛዜ የሚመስል ስሜት ይሰማዋል፤ ቻይናዎቹ ደ ቺ ይሉታል። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተተክሎ ይቆያል። የፊዚዮቴራፒ ሰዎች ደረቅ መርፌ የሚሉት ያንኑ መርፌ ነው፤ እነሱ ግን ነጥብ አይፈልጉም፣ የተኮማተረውን የጡንቻ ገመድ በጣታቸው ዳብሰው እሱን ይወጋሉ።

ምላሽ 3 አጭር ነበር። አንድ ጎረቤት ሦስት ጊዜ ተወግቶ አንገቱ ፈጽሞ ተፈታ የሚል ምስክርነት ነው። ምላሽ 4 የመጣው ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲሆን ጎረቤቱን ሐሰተኛ ሳያደርግ አረመው። ድንገት የሚይዝ ተራ የአንገት ሕመም ለብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ራሱ እየለቀቀ ይሄዳል። ሰው ደግሞ ሕክምና የሚፈልገው ሕመሙ ጫፍ በደረሰበት ቀን ነው፤ ከጫፍ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ታች ነው። በዚያ ሰሞን የተደረገው ሁሉ፣ ቅባትም ይሁን ጸሎት ወይም መርፌ፣ ፈዋሽ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የአንድ ሰው ውጤት ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ሕመም ያላቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው የተነጻጸሩበት ጥናት ነው የሚያስፈልገው።

ምላሽ 5 እና 6 የአንድ ሰው ናቸው፣ ሐረር የሚሠራ ሐኪም የጻፋቸው። ከመድረኩ ሁሉ ዋናው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ክርክሩ መርፌው ይሠራል አይሠራም ከመሆኑ በፊት፣ አንገቱ ለምን እንዳመመ መታወቅ አለበት አለ። በእኛ አካባቢ በተለይ የሚፈሩትን ዘረዘረ። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና አገጭን ወደ ደረት ማውረድ አለመቻል አንድ ላይ ከመጡ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ሌሊት እየባሰ የሚሄድ፣ ከክብደት መቀነስና ከማታ ላብ ጋር የሚመጣ ሕመም የአከርካሪ ቲቢን ያስጠረጥራል። ይህ በሽታ ይበልጥ የሚይዘው የጀርባንና የወገብን አጥንት ነው፤ አንገት ላይ ሲወጣ ግን የሕብለ ሰረሰሩ ቦታ ጠባብ ስለሆነ አደጋው ይከፋል። መጀመሪያ ላይ ራጁ ንጹሕ ሊመስል እንደሚችልም አስጠንቅቋል። ከባጃጅ ወይም ከሞተር ከወደቁ በኋላ የመጣ የአንገት ሕመም ራጅ ሳይነሣ ማንም ሊነካው አይገባም። እጁ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው፣ እግሩ ከተንገዳገደ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ሕብለ ሰረሰሩ ተጨቁኗል ማለት ሊሆን ይችላልና መርፌ አይታሰብም።

በ6ኛው ላይ ያልፈላ ወተትን ጨመረ። ጥሬ የግመል ወይም የፍየል ወተት በሚጠጣበት አገር እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያና የአከርካሪ ሕመም ሲሰበሰቡ ብሩሴሎሲስ ሊረሳ አይገባም። ይህ በአንቲባዮቲክ የሚታከም በሽታ ነው፤ ሕክምናው ግን ሳምንታት የሚወስድ ስለሆነ በመሃል አይቋረጥም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉኒያ ድሬዳዋን መምታታቸውንም አስታወሰ። ሰው ሁሉ ሰውነቴ ተሰባበረ፣ አንገቴ ተያዘ በሚልበት ወረርሽኝ ሰሞን ትኩሳት ሳይለካ አንገት ማከም ከንቱ ነው።

በምላሽ 7 ጠያቂዋ ተመልሳ ሰልፍ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ይህን ሁሉ እንዴት ልጠይቅ አለች። ምላሽ 8 አምስት አጫጭር ጥያቄዎችን ሰጣት፦ ትኩሳት ወይም የማታ ላብ አለ ወይ፤ ወድቀዋል ወይ፤ ከስተዋል ወይ፤ እጅዎ ወይም እግርዎ ደክሟል ወይም ደንዝዟል ወይ፤ ከዚህ በፊት ካንሰር ወይም ቲቢ ታክመዋል ወይ። አንዱ ላይ አዎ ካሉ ወደ ሐኪም። የደነዘዘውን ጣት መጠየቅም ይጠቅማል ተብሏል፦ አውራ ጣት፣ መሃል ጣትና ትንሿ ጣት የሚደነዝዙት በተለያዩ የአንገት ነርቮች ምክንያት ነውና ሐኪሙ ቦታውን ለመገመት ይቀልለዋል።

ከምላሽ 9 ጀምሮ ወደ ጥናቶቹ ተገባ። 9ኛው የሚደግፉትን አቀረበ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት ሥር የሰደደ የአንገት ሕመም ያለባቸውን 14,161 ሰዎች የያዘ ነበር። ከእነሱ ውስጥ በዕጣ የተከፈሉት 3,766 ሲሆኑ፣ ገሚሶቹ በሦስት ወር እስከ 15 ጊዜ ተወጉ፣ ገሚሶቹ ግን ከተለመደው ሕክምናቸው ጋር ጠበቁ። ከ100 በሚሰጥ የሕመምና የአቅም መለኪያ ልዩነቱ 12.3 ነጥብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 እንግሊዝ ውስጥ 517 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ 12 የ50 ደቂቃ አኩፓንክቸርን፣ 20 የአሌክሳንደር ቴክኒክ የአቋም ትምህርትንና የተለመደውን ሕክምና አነጻጸረ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ሁለቱ ከተለመደው ሕክምና ተሽለው ተገኙ፣ እርስ በርሳቸው ግን እኩል ነበሩ ማለት ይቻላል።

ምላሽ 10 በዚህ አልረካም። ሁለቱም ጥናቶች ላይ የይስሙላ መርፌ የተወጋ ቡድን የለም፤ የተወጋው መወጋቱን ያውቃል፣ ያልተወጋውም እንደቀረበት ያውቃል። ማስመሰያ ያለባቸውን ጥናቶች ስናይ ግን ልዩነቱ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የእንግሊዞቹ ጥናት 135 ሰዎችን በአራት ሳምንት 8 ጊዜ አክሞ፣ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠበት የማስመሰያ ማሽን ጋር ሲያነጻጽር ልዩነቱ 100 ሚሊሜትር ርዝመት ባለው የሕመም መለኪያ መስመር ላይ 6.3 ብቻ ሆነ። በሒሳብ ልዩነት አለ፣ ለታካሚው ግን የሚበቃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ 177 ሰዎችን የያዘ የጀርመን ጥናት አኩፓንክቸር ከማሳጅ ሲሻል ከይስሙላ ሌዘር ግን አለመሻሉን አሳየ።

እዚህ ላይ ነው ቃናው የተለወጠው። ምላሽ 11 ዘመናዊ ሐኪሞች ገበያቸው እንዳይነካ ያጣጥሉታል፣ ለዲክሎፌናክ ጊዜ ይህን ያህል ማስረጃ የሚጠይቅ አላየሁም ሲል ጻፈ። ምላሽ 12 ደግሞ በኃይለ ቃል መለሰለት፤ እርስዎ ይባል የነበረው ሰው በአንድ ጊዜ አንተ ተባለ። ድሬ ላይ አንተ መባባል ንቀት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይህኛው ግን የፍቅር አንተ አልነበረም። ቢሆንም የ11ኛው ሁለተኛ ነጥብ ትክክል ነው ብዬ እፈርዳለሁ። ዲክሎፌናክን ለወራት መዋጥ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ መመዘን ካለበት ሁለቱም ይመዘን። ስለ ገበያ ያለው ግን ክስ ነው፣ ማስረጃም አላመጣም።

ምላሽ 13 ሁለቱን አረጋግቶ የተለያዩ ቁጥሮች እንዴት አብረው እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ አስረዳ። ለእኔ ከሁሉ ግልጽ የሆነልኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የ29 ጥናቶችን፣ የ17,922 ሰዎችን የግል መረጃ አንድ ላይ የተነተኑት ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ምሳሌ ሰጥተዋል፦ ሕመሙ ከ100 ነጥብ 60 የነበረ ሰው፣ ካልተወጋ ወደ 43፣ የይስሙላውን ካገኘ ወደ 35፣ እውነተኛውን ካገኘ ወደ 30 ይወርዳል። ከ43 ወደ 30 ያለውን ያየ ይሠራል ይላል፤ ከ35 ወደ 30 ያለውን ያየ እምብዛም አይሠራም ይላል። የ13ኛው ጸሐፊ ከዚህ የወሰደው ይህ ነው፦ ትልቁን ድርሻ የያዙት መተኛቱ፣ መዳሰሱ፣ ትኩረት ማግኘቱና ተስፋው ናቸው፤ ነጥቡ ላይ በትክክል መወጋት የሚጨምረው ትንሽ ነው። ይስሙላ የሚባለው መርፌ ራሱ ቆዳን ስለሚነካ ባዶ አይደለም የሚል ተቃውሞ በ14ኛው ቀርቧል፤ እሱም ተገቢ ነው።

ምላሽ 15 መንግሥታት ምን እንደወሰኑ አስታወሰ። ጀርመን ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ መድን የሚከፍለው ሥር ለሰደደ የወገብና በመገጣጠሚያ መበላት ለሚመጣ የጉልበት ሕመም ነው፤ አንገት አልተካተተም። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለወገብ አትስጡ ብሎ፣ በ2021 ግን ሌላ ምክንያት ለሌለው ሥር የሰደደ ሕመም ከአምስት ሰዓት ያልበለጠ የባለሙያ ጊዜ የሚወስድ አንድ ዙር መታሰብ ይችላል አለ። ልብ በሉ፣ አንድ ዙር ነው የተባለው።

ከዚያ ነገሩ ወደ ጎን ሄደ። 16ኛው አንገት የሚይዘው ሌሊቱን ሙሉ ከሚዞረው ቬንቲሌተር ነው፣ ብርድ ነው የመታው አለ። 17ኛው ነፋሱ አጥንት ውስጥ እንደማይገባ፣ ይልቅ በሆድ ተኝቶ አንገትን ወደ አንድ ጎን አጥፎ ማደር ወይም የተቆለለ ትራስ እንደሚያስይዝ መለሰ፤ ለጎን ተኚ የትራሱ ከፍታ በትከሻና በጆሮ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ መሆን አለበት። 18ኛው ሂጃማንና ዋገምትን አነሣ። ቆዳ ሳይበጣ በመምጠጫ ብቻ የሚደረገውን ብዙ የአኩፓንክቸር ሰዎችም ይጠቀሙበታል፤ በምላጭ ተበጥቶ ደም የሚወጣበት ግን ከመርፌው የበለጠ የኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ምላጩ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ቀንዱ ወይም ኩባያውም እንዲሁ ካልሆነ አይሆንም። 19ኛው የፀጉር አስተካካዮችን ነገር አመጣ፣ በጣም ደግ አደረገ። ፀጉር ተቆርጦ ሲያበቃ አንገትን ድንገት ጠምዝዞ ማስጮኽ የአንገት ደም ሥርን ውስጠኛ ሽፋን ሊቀድ ይችላል። ከጠመዘዙት በኋላ አዲስ ዓይነት የማጅራት ሕመም፣ ማዞር፣ ሁለት ሁለት ማየት ወይም የአንደበት መያያዝ ከመጣ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው። ወጌሻም ቢሆን አንገትን በዚህ መንገድ መንካት የለበትም።

ምላሽ 20 ሁሉንም ወደ መርፌው መለሳቸው። ጂያን ጂንግ ከላይ የተጠቀሰው የትከሻ ነጥብ ነው፤ ከሥሩ የሳንባ ጫፍ አለ። ቀጭን ሰው ላይ ቀጥ ብሎ በጥልቀት ከተወጋ ሳንባው ተበስቶ አየር በዙሪያው ይገባል። ስለዚህ ብልህ እጅ ጡንቻውን በሁለት ጣት ቆንጥሮ ያነሣና በተነሣው ሥጋ ውስጥ ብቻ ያሳልፋል። ከተወጉ በኋላ፣ በሰዓታት ዘግይቶም ቢሆን፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ራጅ መነሣት ያስፈልጋል። ይህ የሚያጋጥመው በጣም አልፎ አልፎ ነው፦ 229,230 ሰዎችን የተከታተለ የጀርመን ጥናት ያገኘው ሁለት ነው። በዚያው ጥናት ከ100 ሰው 8.6ቱ የሆነ የጎንዮሽ ነገር ነበረባቸው፣ አብዛኛው ትንሽ መድማትና መበለዝ።

ምላሽ 21 ስለ ጾም የጻፈውን በደስታ ነው ያነበብኩት፤ በእኛ ከተማ ማንም ሊዘልለው የማይገባ ነውና። በረመዳን ወይም በሁዳዴ ከሰዓት በኋላ፣ ሳይበሉና ሳይጠጡ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ተቀምጦ መወጋት ራስን ያስታል። ከኢፍጣር በኋላ፣ ለሚጾም ክርስቲያንም ምግብ ቀምሶ፣ ሁልጊዜም ተኝቶ ይሁን አለ። ከገረጣ፣ ካላበው ወይም ካቅለሸለሸው መርፌዎቹ ወዲያው ይነቀላሉ፣ እግሩ ከፍ ይደረጋል። ምላሽ 22 የደም ማቅጠኛ የሚወስዱትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሄፓታይተስ ቢን ጨመረ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ሄ ጉ እና ጂያን ጂንግ በእርግዝና ጊዜ በልማድ የሚከለከሉ ነጥቦች ናቸው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል፤ በአልኮል ተጠርጎ እንደገና የሚተከል መርፌ ሊፈቀድ አይገባም። ማሸጊያው ታካሚው ፊት ይቀደድ፣ የተነቀለውም ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይግባ።

ምላሽ 23 ሦስተኛውን ጥያቄ መለሰ፣ ማለትም መቼ ይቁም የሚለውን። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ያለፈው ሳምንት አማካይ ሕመም ከ0 እስከ 10፤ አገጭ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትከሻ የት ድረስ እንደሚዞር፤ ሕመሙ የከለከለው አንድ ሥራ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየተወጉ 6 ጊዜ ሲሞላ እንደገና ይጻፍ። ቁጥሩ ቢያንስ በ2 ካልወረደ፣ ሥራውም ካልቀለለ፣ ገንዘቡ ይዳን። ሐኪም ዘንድ ላለ ሰው ደግሞ ከ50 የሚታረመው የአስር ጥያቄ የአንገት መለኪያ አለ። እየታከሙ ሌላ አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ የትኛው እንደሠራ ስለማይታወቅ ይህም ቀኑ ጋር ይጻፍ።

24ኛው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት፣ ለሁለተኛ ጊዜ። መርፌ የጡንቻን ጉልበት አይሠራም አለች። በጀርባ ተኝቶ፣ ራስን ከትራስ ሳያነሡ፣ አዎ እንደሚል ሰው አገጭን በቀስታ ወደ ጉሮሮ መሳብ፤ 10 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከፊት ያሉት የአንገት ጅማቶች ከተገተሩ በጣም ስበዋል ማለት ነው፣ ይቀንሱ። ከዚያ ትከሻን ወደ ኋላና ወደ ታች መሰብሰብ፣ በተመሳሳይ ቁጥር። ቢያንስ ስድስት ሳምንት። ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዎች ምሳሌ አድርጋ፣ ሥራው ወደ ዓይን እንዲቀርብ ወንበርና ጠረጴዛ ካልተስተካከለ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ካልተነሡ፣ መርፌው የሚያስታግሰውን ስፌቱ በማግሥቱ ይመልሰዋል አለች። በርጫ ላይ ለሰዓታት በአንድ ክርን ተደግፎ መቀመጥንም አልረሳችም፤ ጎን መቀያየር፣ ትራሱን ከብብት ሥር ሞልቶ መደገፍ።

በምላሽ 25 ጠያቂዋ ሁሉንም አመስግና ጠረጴዛዋ ላይ የምትለጥፈውን ወረቀት አስነበበች። መጀመሪያ አምስቱ ጥያቄዎች፣ ቀጥሎ እንቅስቃሴዎቹ፣ ከዚያ አኩፓንክቸር መሞከር ለሚሻ ሰው የታሸገ መርፌ፣ ተኝቶ፣ በልቶ፣ ስድስት ጊዜ፣ ቁጥሩ ተጽፎ። የሚወጋው ሰው ሥልጠናውን እንዲያሳይም መጠየቅ እንደሚገባ ጨምራለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያው ለሐኪም እንኳ ቢያንስ 200 ሰዓት ይላልና።

ምላሽ 26 ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር እንዲገባ ብቻ ጠየቀ፦ መርፌዎቹ ሲተከሉ ይቆጠሩ፣ ሲነቀሉም ይቆጠሩ። ፀጉር ውስጥ፣ ከራስ ቅሉ ሥር፣ አንድ መርፌ ተረስቶ ታካሚው ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል። 12 ከገቡ 12 መውጣት አለባቸው። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ታርሞ እንደገና ተለጠፈ፣ መስመሩም ከታች ገብቶበታል።